ያላቻ ጋብቻ፦ ፕሪአምፕንና ፓወር አምፕን ስለማጣመር



በቤቱ ደህና ድምፅ ለመስማት የሚደክም ሰው ሁሉ ከአንድ ጥያቄ አያመልጥም፤ «ይህ ፕሪአምፕ ከዚያ ፓወር አምፕ ጋር ይጋባል ወይ?» የሚለው ነው። ፕሪአምፕ ከሲዲ ማጫወቻ፣ ከሸክላ ወይም ከስልክ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ተቀብሎ፣ መርጦና መጥኖ ያሳልፋል። ፓወር አምፕ ያንኑ ተቀብሎ ስፒከር የሚገፋ ጉልበት ይጨምርበታል። «ይጋባል» የምትለውን ቃል ግን ልብ በሉልኝ። ጋብቻ ሲባል ሐሳባችን ወዲያው ወደ አቻ ጋብቻ ይሄዳል። ዋጋው ከዋጋው፣ ስሙ ከስሙ፣ ቲዩብ ያለው ቲዩብ ካለው፣ ትራንዚስተሩም ከመሰሉ ጋር እንዲሆን እንፈልጋለን። እኔ ዛሬ የምሟገተው ለተቃራኒው ነው። በነዚህ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል የሚያምረው ያላቻ ጋብቻ ነው። ሰጪው በጣም ዝቅ ያለ፣ ተቀባዩ በጣም ከፍ ያለ ኢምፒዳንስ ሲኖራቸው ትዳሩ ይሰምራል። እኩል ሲሆኑ ደግሞ ይጎዳል። ከዚህ ላይ የማጉላቱ መጠን ይታከልበታል። ይህም ሁሉ ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት በእርሳስና በወረቀት ሊሰላ የሚችል ነገር ነው።

ኢምፒዳንስ የሚባለውን በውኃ ላስረዳ። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ አስቡ። ሮቶው ሙሉ ነው፣ ከሱ የሚወርደው ቱቦ ግን ቀጭን ነው። ከታች አንዲት ቧንቧ በትንሹ ብትከፈት ግፊቱ እንዳለ ይወርዳል። ቧንቧውን ወለል አድርጋችሁ ስትከፍቱት ግን ውኃው ይልፈሰፈሳል። የቱቦው ቅጥነት የፕሪአምፑ የመውጫ ኢምፒዳንስ ነው እንበል፤ የቧንቧው አከፋፈት ደግሞ የፓወር አምፑ የመግቢያ ኢምፒዳንስ። የመግቢያው ቁጥር ከፍ ሲል ቧንቧው የተከፈተው በጥቂቱ ነው፤ ዝቅ ሲል ወለል ብሏል። ግፊቱ ቮልቴጁ ነው። ወደ ሒሳቡ ስንመጣም ምሳሌው አይፈርስም። መውጫው 2,500 ኦም የሆነ ፕሪአምፕ መግቢያው 10,000 ኦም ከሆነ ፓወር አምፕ ጋር ሲገናኝ ከቮልቴጁ አንድ አምስተኛው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ወደ 2 ዴሲቤል መሆኑ ነው። ያው ፕሪአምፕ 100,000 ኦም መግቢያ ቢያገኝ የሚጎድልበት 2.4 በመቶ ብቻ ነው፣ ጆሮም አይለየውም። የሙያው ሰዎች መግቢያው ከመውጫው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው። በአሥር እጥፍ የሚጎድለው 9 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 0.8 ዴሲቤል ነው። ሃያና ሃምሳ እጥፍ ሲሆንማ ጭንቀቱ ጨርሶ ይቀራል።

ታዲያ «እኩል ይሁኑ» የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? ከስህተት አልተወለደም፤ ከሌላ ሙያ የተወረሰ ነው። ሞሪትዝ ፎን ያኮቢ የተባለው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ከአንድ ምንጭ የሚቻለውን ያህል ከፍተኛ ጉልበት ለመውሰድ የተቀባዩ ተቃውሞ ከምንጩ ተቃውሞ ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ገልጾ ነበር። የስልክ ኩባንያዎች ድምፅን በመቶ ኪሎ ሜትሮች በሚቆጠር ሽቦ ሲልኩ ይህ ሕግ ጠቀማቸው። እያንዳንዷ የጉልበት ቅንጣት ትፈለግ ነበር፤ ረጅሙ መስመርም በጫፉ ላይ እኩል ካላገኘ ድምፁን አንፀባርቆ ይመልሰዋል። 600 ኦም የሚለው መለኪያ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። የሬድዮ ጣቢያዎችም ወረሱት። ዛሬም ድረስ በባለሙያ መሣሪያዎች ላይ የምናየው 0.775 ቮልት፣ አንድ ሚሊዋት በ600 ኦም ላይ ሲያርፍ የሚገኘው ቮልቴጅ ነው። የሳሎናችን ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ሽቦው አንድ ሜትር ነው፤ የምናሻግረውም ጉልበት ሳይሆን ቮልቴጅ ነው። አንድ ቮልት በ10,000 ኦም መግቢያ ላይ ሲያርፍ የሚበላው ጉልበት የሚሊዋት አንድ አሥረኛ ነው። ይህን ለመቆጠብ ብሎ መውጫና መግቢያን እኩል የሚያደርግ ሰው የቮልቴጁን ግማሽ፣ 6 ዴሲቤል፣ በከንቱ ይጥላል፤ ፕሪአምፑንም ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል።

እስካሁን የተናገርኩት ጉድለት በሁሉም ድምፅ ላይ እኩል የሚደርስ ከሆነ ያን ያህል አያሳስብም። ቮልዩሙን ትንሽ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ችግሩ እኩል አለመድረሱ ነው፤ የጉዳዩ እምብርትም እዚህ ላይ ነው። በብዙ የቲዩብ ፕሪአምፖች መውጫ ላይ ካፓሲተር ተቀምጧል። በድሮ ሬድዮ ውስጥ እየጋሉ የሚያበሩትን ብርጭቆዎች የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ ቲዩብ የምላችሁ እነሱን ነው። በቲዩቡ ላይ ያለው ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ ቀጣዩ ሳጥን እንዳያልፍ የሚያግደው ይህ ካፓሲተር ነው። አጋጁ ግን ዘበኝነቱን ያለ አድልዎ አይወጣም። ቀጭኑን ድምፅ ያሳልፋል፤ ድምፁ ወፍራም በሆነ ቁጥር ደግሞ እየከለከለ ይሄዳል። 1 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር በ1,000 ኸርዝ የሚያሳየው ተቃውሞ 160 ኦም አካባቢ ነው፤ በ20 ኸርዝ ግን 8,000 ኦም ይደርሳል። በመግለጫው ወረቀት ላይ «የመውጫ ኢምፒዳንስ 600 ኦም» ተብሎ የተጻፈው ብዙ ጊዜ በ1,000 ኸርዝ የተለካው ነው። ቤዝ የሚኖርበት ሠፈር ሲደረስ ቁጥሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል።

ይህን በአንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው። ካፓሲተሩ 0.47 ማይክሮፋራድ ነው እንበል፤ በቲዩብ ፕሪአምፖች ውስጥ እንግዳ ያልሆነ መጠን ነው። መግቢያው 100,000 ኦም ከሆነ ፓወር አምፕ ጋር ሲጣመር ድምፁ 3 ዴሲቤል የሚወርደው በ3.4 ኸርዝ ላይ ነው፤ ማንም አይሰማውም። 10,000 ኦም ካለው ጋር ሲጣመር ግን ያው መውረድ ወደ 34 ኸርዝ ይወጣል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በጣት ሳይጫን ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ 41 ኸርዝ ነው። እዚያ ላይ ከ2 ዴሲቤል በላይ ጠፍቷል ማለት ነው። አድማጩ «ይህ አምፕ ቤዝ የለውም» ብሎ ይፈርዳል። ሌላው ደግሞ ያንኑ አምፕ ከሌላ ፕሪአምፕ ጋር ሰምቶ «ቤዙ ግሩም ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። የተጣሉት ግን ስለ አምፑ መስሏቸው ነው እንጂ በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ስላለው ስፍራ ነበር። የቲዩብ ዘመን ሠሪዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ1959 የወጣው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዳይናኮ ኩባንያ ስቲሪዮ 70 ፓወር አምፕ የመግቢያ ተቃውሞው 470,000 ኦም ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ፕሪአምፕ ትንሽ ካፓሲተር ይዞ ያለ ሐሳብ ይነዳው ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ትራንዚስተር አምፖች መግቢያቸው በብዛት ከ10,000 እስከ 50,000 ኦም ሆነ፤ ዛሬ ከሚሸጡት ክላስ ዲ አምፖች መካከልም 10,000 ኦምና ከዚያ በታች የሆኑ አሉ። የ1950ዎቹን ፕሪአምፕ ከዛሬ አምፕ ጋር የሚያገናኝ ሰው ሁለት ዘመን እያጋባ መሆኑን አውቆ ይግባበት።

በሌላው ጫፍ፣ በቀጭኑ ድምፅ በኩል፣ የሚያደባው ገመዱ ነው። ሁለቱን ሳጥኖች የሚያገናኝ ገመድ ራሱ ትንሽ ካፓሲተር ነው፤ በሜትር 100 ፒኮፋራድ አካባቢ የሚይዝ ብዙ ነው። የፕሪአምፑ መውጫ 600 ኦም ከሆነ አምስት ሜትር ገመድም ቢሆን የ3 ዴሲቤሉ መውረድ ከ500,000 ኸርዝ በላይ ነው፤ ሰው ደግሞ የሚሰማው እስከ 20,000 ነው። ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው ፓሲቭ ፕሪአምፕ በሚባለው ላይ ነው። ፓሲቭ ፕሪአምፕ ምንም የማያጎላ፣ ኤሌክትሪክም የማይፈልግ፣ ውስጡ መምረጫና ቮልዩም ብቻ ያለው ሳጥን ነው። ወዳጆቹ ብዙ ናቸው፤ «የሌለ ዕቃ ድምፅ አያበላሽም» ይላሉ፣ በዚህም እውነት አላቸው። ሆኖም 50,000 ኦም የሆነ ቮልዩም በመካከለኛው የተቃውሞ ነጥቡ ላይ ሲደርስ የመውጫ ኢምፒዳንሱ 12,500 ኦም ይሆናል። ከዚህ ላይ አምስት ሜትር ገመድ ሲቀጠል የ3 ዴሲቤሉ መውረድ ወደ 25,000 ኸርዝ ይጠጋል፤ በ15,000 ኸርዝ ላይም ከአንድ ዴሲቤል በላይ ይጎድላል። የሚገርመው ደግሞ ጉድለቱ ቮልዩሙ በዞረ ቁጥር መለዋወጡ ነው። ስለዚህ ፓሲቩ መጥፎ ዕቃ ነው አልልም። ምንጩ ዝቅተኛ መውጫ ሲኖረው፣ ገመዱ ግማሽ ሜትር ሲሆን፣ መግቢያው 100,000 ኦም ሲደርስ፣ ቮልዩሙም 10,000 ኦም ሲሆን በዋጋው የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ከነዚህ ቅድመ ሁኔታዎች ግን አንዱም አይቀርለትም።

አሁን ወደ ማጉላቱ ልለፍ፤ ብዙ ቤት ውስጥ የማየው ጥፋት ከዚህ ይነሳል ብዬ አምናለሁ። ፕሪአምፕ ለምን ተፈጠረ? በዋነኛነት ለሸክላው መርፌ ሲባል ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን ካቋቋሙ በኋላ የታተሙትን ሸክላዎች ዛሬ በመርፌ የሚያዳምጥ ሰው፣ ከተለመደው የማግኔት ካርትሬጅ የሚያገኘው 5 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ስለሆነ ማጫወቻው ይህን መልሶ ማቃናት አለበት፤ ከ1954 ጀምሮ የአሜሪካ ቀራጮች ማኅበር ያወጣው መለኪያ ለዚህ ነው። 5 ሚሊቮልት አንድ መቶ እጥፍ ሲጎላ ግማሽ ቮልት ይሆናል። የኳድ ኩባንያ 405 ፓወር አምፕ በ1975 ሲወጣ ሙሉ 100 ዋቱን ለመስጠት የሚጠይቀው ያችኑ ግማሽ ቮልት ነበር። ስሌቱ ድንቅ ነው፤ መርፌውና አምፑ እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር። በ1982 ሲዲ መጣና 2 ቮልት ይዞ ብቅ አለ። 2 ቮልት የግማሽ ቮልት አራት እጥፍ፣ 12 ዴሲቤል ብልጫ ነው። በዚህ መካከል አሥር እጥፍ የሚያጎላ ፕሪአምፕ ሲገባበት የሚሆነውን ገምቱ።

ስሌቱን በዛሬ ዕቃ ላድርገው። የተለመደ ፓወር አምፕ የሚያጎላው 20 እጥፍ፣ 26 ዴሲቤል ገደማ ነው። 8 ኦም በሆነ ስፒከር ላይ 1 ዋት ማለት 2.83 ቮልት ነው፤ በተራ ሳሎን ውስጥ ደህና አድርጎ ለማዳመጥ ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ አያስፈልግም። 2.83ን ለ20 ብናካፍል 0.14 ቮልት ይመጣል። ምንጩ የሚሰጠው እስከ 2 ቮልት ነው። እንግዲህ ፕሪአምፑ የሚሠራው ሥራ ማጉላት ሳይሆን ሙሉውን ድምፅ ወደ አሥራ አራተኛ እጅ መቀነስ ነው። ስሙ ማጉያ፣ ሥራው መቀነሻ ሆኗል። በውስጡ ያለው አሥር እጥፍ ማጉያም ከቮልዩሙ በኋላ የተቀመጠ ከሆነ ቮልዩሙ ተጨማሪ አሥር እጥፍ መቀነስ ይኖርበታል። ውጤቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቮልዩሙ ከመነሻው በጣት ውፍረት ያህል ሲዞር ቤቱ ይጮሃል፤ ከዚያ በታች ደግሞ አንዱ ስፒከር ከሌላው ቀድሞ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው በአንድ ዘንግ የሚዞሩት የግራና የቀኝ ቮልዩሞች በመነሻቸው አካባቢ እኩል ስለማይሄዱ ነው። ሰው ፕሪአምፑ የተበላሸ መስሎት ወደ ጥገና ይወስደዋል። መድኃኒቱ ከፓወር አምፑ መግቢያ ላይ የሚሰካ 10 ዴሲቤል የሚቀንስ ሁለት ሬዚስተር ብቻ ነው። ቮልዩሙን ወደ መሃል ያመጣዋል፤ የፕሪአምፑንም የራሱን ጫጫታ አብሮ ይቀንሰዋል።

ጫጫታ ካልኩ አይቀር፣ አንድ ጥምረት በአንዱ ቤት ተመስግኖ በሌላው የሚነቀፍበትን ምክንያት ላሳያችሁ። ፕሪአምፑ የራሱ የሆነ 100 ማይክሮቮልት ጫጫታ አለው፤ ፓወር አምፑ 28 እጥፍ ያጎላል እንበል። ከስፒከሩ ጫፍ 2.8 ሚሊቮልት ይደርሳል፤ ከ1 ዋቱ ድምፅ 60 ዴሲቤል ዝቅ ያለ ነው። ስፒከሩ በ1 ዋት 87 ዴሲቤል የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ ጫጫታው 27 ዴሲቤል ይሆናል፤ የአብዛኛው ሳሎን ጸጥታ ራሱ ከዚህ ይበልጣል። ቀንድ ያለው፣ 105 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር ሲሆን ግን 45 ዴሲቤል የሆነ ሽሽታ ነው፤ ከወንበር ላይ ሆኖ ይሰማል። ሳጥኖቹ ያው ናቸው። ስለዚህ ፕሪአምፕና ፓወር አምፕ ይጋባሉ ወይ ብሎ ስፒከሩን ሳይጠቅስ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን ገና አልጨረሰም።

ስለ ኤሌክትሪኩም ጥቂት ልበል። በትራንዚስተር ፕሪአምፕ መውጫ ላይ የተረሳ 50 ሚሊቮልት ቋሚ ቮልቴጅ ቢኖርና ፓወር አምፑ በመግቢያው ካፓሲተር ከሌለው፣ 20 እጥፍ ጎልቶ 1 ቮልት ሆኖ ስፒከሩ ላይ ያለ ማቋረጥ ይቀመጣል፤ የስፒከሩንም ወረቀት ከቦታው ገፍቶ ይይዘዋል። ከመግዛት በፊት በቴስተር የሚታይ ነገር ነው። ፕሪአምፑ ቀድሞ ይብራ፣ መጨረሻ ይጥፋ የሚባለውም ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ የሚወጣው ድንገተኛ ድምፅ ስፒከሩ ላይ እንዳያርፍ ነው። እንደ ንብ የሚጉረመርመው ድምፅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሁለቱ ዕቃዎች በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ላይ ተሰክተው የመሬት ሽቦአቸው በገመዱ በኩል ክብ ሲሠራ ነው። ሁለቱን ከአንድ ሶኬት ማውጣትና ገመዱን ማሳጠር ብዙውን ይፈታል። ለጉርምርምታው ሲባል የስፒናውን የመሬት እግር መቁረጥ ግን በሰው ሕይወት መጫወት ስለሆነ ማንም እንዳያደርገው እለምናለሁ። ከአሜሪካ ዘመድ የላከውን አምፕ ለሚጠቀም የአገር ቤት አድማጭም አንድ ነገር አለ። ዕቃው የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፣ የኛ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ። ቮልቴጁን የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ኸርዙን አይለውጠውም። ለ60 ብቻ ታስቦ የተሠራ የውስጥ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ላይ ማግኔቱ 20 በመቶ ይበልጥ ስለሚጫን የበለጠ ይግላል፤ የበለጠም ሊጉረመርም ይችላል። ጉርምርምታውን በፕሪአምፑና በፓወር አምፑ አለመስማማት ከማሳበብ በፊት በዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ማንበብ ይቀድማል።

አሁን ለተቃዋሚዎቼ ቦታ ልስጥ። የመጀመሪያው «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የአንድ ኩባንያ ዕቃ መግዛት ነው» ይላል። ምክሩ መጥፎ አይደለም። ኳድ በ1967 ያወጣቸው 33ና 303 አንዱ ለሌላው ተሰልተው የተሠሩ ነበሩ። በ1953 የወጣው የኳድ ሁለተኛው አምፕ ለፕሪአምፑ የሚያስፈልገውን ኤሌክትሪክ ሳይቀር በገመድ ያቀርብ ነበር። የእንግሊዙ ናይም ኩባንያም አንዳንድ ፓወር አምፖቹን በዚሁ መንገድ ሠርቷል። ነገር ግን ጥምረቱ የሰመረው በሳጥኑ ላይ ባለው ስም ኃይል አይደለም፤ መሐንዲሱ ስሌቱን ለገዢው ስለሠራለት ነው። ስሙ ሳይለወጥ ስሌቱ ይለወጣል። ግማሽ ቮልት የሚጠይቀውን የኳድ 405 ዛሬ ከሚመረት ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያወጣ ፕሪአምፕ ጋር የሚያገናኝ ሰው፣ ሁለቱም ላይ አንድ ስም ቢኖር እንኳ ያችኑ የቮልዩም ችግር ያገኛታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። «ሙዚቃ የሚሰማው በጆሮ ነው፤ ቁጥር አይሰማም» ይላል። በዚህ ላይ አልከራከርም፤ የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው። ዳኛ ግን የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉት የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ቤዙን ከሌላው ይልቅ እየዘነጋ፣ ከፍ ሲል እያስታወሰ ይሄዳል። ሁለት ፕሪአምፖች በሚያጎሉት መጠን በአንድ ዴሲቤል ቢለያዩ፣ አድማጩ አንደኛው «ሞላ ያለ ቤዝ፣ ሰፋ ያለ ድምፅ አለው» ይላል፤ የሰማው ግን የድምፅ ከፍታ ነው። ፍትሐዊ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ቴስተሩን ከስፒከሩ ጫፍ ላይ ያድርግ። በመጀመሪያው ፕሪአምፕ 2.83 ቮልት ካነበበ፣ ሁለተኛውን ሲያስገባ ከ2.80 እስከ 2.86 ባለው ውስጥ እስኪያርፍ ቮልዩሙን ያስተካክል፤ ይህ የአንድ ዴሲቤል አሥረኛ ነው። ከዚያ በኋላ ጆሮው የሚለውን ሁሉ እቀበላለሁ።

ከዚሁ ወገን ግን በተቃራኒው አቅጣጫ የቆመ ሌላ ሰው አለ፤ «እንግዲያውስ ሁሉም አምፕ አንድ ነው፣ ምን ያለያያቸዋል?» የሚል። ጄምስ ሞይር የተባለ የድምፅ ባለሙያ በ1978 ባወጣው ጽሑፍ ሦስት የኳድ አምፖችን፣ አንዱን በቲዩብ ሁለቱን በትራንዚስተር የተሠሩትን፣ ዕቃውን ሳያዩ የሚያዳምጡ ሰዎች ለይተው ሊያውቋቸው እንዳልቻሉ አሳይቷል። ይህን ማስረጃ አከብረዋለሁ፤ ለኔም ክርክር ይሠራልኛል። በዚያ ሙከራ የድምፁ ከፍታ ተስተካክሎ፣ አምፖቹም ከአቅማቸው ሳያልፉ ነበር የተሠራው። ጥምረቱ ትክክል ሲሆን ልዩነቱ ይጠፋል፤ ጥምረቱ ሲበላሽ ደግሞ ያው ዕቃ ሌላ ዕቃ ይመስላል። እንግዲህ በየቤቱ ለሚሰማው የልዩነት ወሬ ዋነኛው ምንጭ ሳጥኖቹ ብቻቸውን አይደሉም፤ በመካከላቸው ያለው አገናኝ ነው።

ሦስተኛው ሰው «የጎደለውን ቤዝ እኔ ወድጄዋለሁ፤ ለስላሳ ነው» ቢለኝስ? ደስታው የራሱ ነውና አልነካበትም። ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ስፒከሩ ከግድግዳ ተጠግቶ ቤዙ ሲያጥለቀልቅ፣ ከ34 ኸርዝ በታች የሚቀንስ ያልሰመረ ጥምረት በእርግጥም ጆሮ ሊያሳርፍ ይችላል። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ የገዛው ነገር የቤዝ መቀነሻ መሆኑን ይወቅ። በሚቀጥለው ወር መግቢያው ከፍ ያለ ሌላ አምፕ ሲገዛ ያ የሚወደው ለስላሳነት ይጠፋል፤ ምክንያቱን ሳያውቅም ገመድ ሲቀያይር፣ ቲዩብ ሲለዋውጥ ገንዘቡን ይጨርሳል።

የሚቀረው ጥያቄ መግለጫ ወረቀቱ ጠፍቶ፣ ወይም ከተጻፈውም ላይ የቤዙ ቁጥር ተትቶ ሲገኝ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ለዚህ አንድ ቴስተር፣ አንድ 10,000 ኦም ሬዚስተርና በስልክ የሚጫወት የ50 ኸርዝ ድምፅ ይበቃል። 50 ኸርዝ የመረጥኩት ርካሹም ቴስተር በዚህ ላይ ትክክል ስለሚያነብ ነው፤ ቤዙም የሚኖረው እዚያው አካባቢ ነው። ፓወር አምፑ ጠፍቶ፣ ገመዱም ከሱ ተነቅሎ፣ ስልኩ ወደ ፕሪአምፑ ይሰካል። ቮልዩሙ የፕሪአምፑ መውጫ ላይ ቴስተሩ 1.00 ቮልት እስኪያነብ ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ አይነካም። ከዚያ ሬዚስተሩ በመውጫው መሃል ጫፍና በዳሩ መካከል ይያዛል። መውጫው ላይ ካፓሲተር ካለ ኢምፒዳንሱ ከዚህ በታች ከምሰጠው ቁጥር ከፍ ያለ ነው። ቴስተሩ 0.99 ካነበበ የመውጫው ኢምፒዳንስ 100 ኦም ገደማ ነው፤ ያ ፕሪአምፕ የፈለገውን አምፕ ይነዳል። 0.80 ላይ ከወረደ በግምት 2,500 ኦም ነው፤ መግቢያው ከ25,000 ኦም የማያንስ፣ ቢቻል 100,000 የሚደርስ ፓወር አምፕ ይፈለግለት። 0.50 ላይ ከወደቀ መውጫው ከጫኑበት ሬዚስተር ጋር ተስተካክሏል፤ ያኮቢ የሚደሰትበት ቁጥር ነው፤ ለሳሎን ግን መግቢያው 100,000 ኦም ከሚሞላ አምፕ ጋር ካልሆነ በቀር አይገዛም። ሬዚስተሩ ሲነሳ ቮልቴጁ ወደ 1.00 ይመለሳል፤ ፓወር አምፑም ከዚህ በኋላ ሊሰካ ይችላል።